ታሪኬን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት ሳነብ ኖሬ አንድም ቀን ጽፌላችሁ አላውቅም። ዛሬ እስክሪብቶ ያስነሳኝ በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣ አንድ ደብዳቤ ነው።

ጸሐፊው በአነስተኛ ክፍያ የሥነ ልቦና ምክር ስለሚሰጡ የበጎ አድራጎት ማዕከላት ነው የጻፉት። በክፉ ልብ አልጻፉም። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለመርዳት የሚሆን ገንዘብ ያለው ሰው መድኃኒት ይግዛበት፤ ለወሬ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል? የሆዱን መናገር የፈለገ እህት ወንድም አለው፣ ጓደኛ አለው። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። አልተናደድኩም። ከስድስት ዓመት በፊት ብጠየቅ እኔም ይህንኑ እመልስ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ሞተ። ድንገት ነው የሆነው። ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለልኝ። የዚያን ቀንና የተከተሉትን ሳምንታት እዚህ አልዘረዝርም። ሰው በዙሪያዬ ነበር። ማንም አልተወኝም። ችግሩ የመጣው ሁሉም ወደየኑሮው ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። በየቀኑ፣ ሰዓት የተሞላልኝ ይመስል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል የለም። ሥራ ቦታ አንዱን የቁጥር ዓምድ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ ድምር አገኛለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረበ ሥራ ነው። አንድ ወር የደመወዝ መዝገብ ስሠራ የአንዱን ሠራተኛ ደመወዝ ለሌላው ጻፍኩ። ነገሩ አለቃዬ ጋ ደረሰ። ጠራኝ፣ አልተቆጣኝም። «ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» አለኝ። ዕረፍቱ ግን ከሁሉም የባሰ ሆነ። ቤት ተቀምጬ ዘጠኝ ሰዓትን ከመጠበቅ በቀር ምን እሠራበታለሁ?

ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይለኛል። አይዞሽ መልካም ቃል ነው፤ እኔም ለስንቱ ብዬዋለሁ። ግን ከአይዞሽ በኋላ ምን ይባላል? «እሺ» ነው የሚባለው። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እሺ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ።

ጸሐፊው «እህት አለው» ብለዋል። አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፣ ነፍሷን ብትሰጠኝ ደስ ይላታል። ስነግራት ግን ታለቅሳለች። እሷ ስታለቅስ እኔ ዝም እላለሁ። ከዚያ እኔ እሷን ማጽናናት እጀምራለሁ። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ስትደውልልኝ «ደህና ነኝ እቴ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ማለት ለመድኩ። የሚወድሽ ሰው ሐዘንሽን መስማት የማይችለው ስለሚወድሽ ነው። ይህንን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የማዕከሉን ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «እኔም እዚያ ሄጄ ነበር» አለችኝ። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ አላወቅኩም። ወረቀቷን ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይዣት ዞርኩ። «አበደች» የሚሉኝ መሰለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፤ የደበቅኩት ነገር በሽታ መሆኑን ግን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

መጀመሪያ የሰጡኝ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይህ ነገር ምን ያህል ጊዜ አስቸግሮዎታል ይላል፤ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በብዙ አገር የሚሠራበት የድብርት መለኪያ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣቴ፣ ትኩረት ማጣቴ፣ ምንም ነገር ደስ አለማለቱ፣ እኔ የራሴ ድክመት ያልኩት ሁሉ በተራ በተራ ተጽፎ አገኘሁት። ሌላም ሰው እንዲህ ሆኗል ማለት ነው። እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ ዕንባዬ መጣ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። እሱን ባዶ ተውኩት። አማካሪዋ ወረቀቱን አየችና ያንኑ ጥያቄ በአፏ ጠየቀችኝ፤ ሳትፈራ፣ ሳትቸኩል። እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ላይ ይተክላል ብዬ አምን ነበር። አይተክልም። ባለሙያዎቹ የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔም በራሴ አየሁት። መልሴን ከነገርኳት በኋላ የቀለለኝን ያህል በሕይወቴ ቀሎኝ አያውቅም።

ስለ ክፍያውም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከበር የሚመልሰው እሱ ነው። እንደ አቅም ነው። መዝገብ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ገቢዬን ጠየቀችኝ፣ በእጄ ላይ የሚተዳደሩ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችኝ፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ላይ አየችና የሚደርስብኝን ነገረችኝ። የግል አማካሪ ጋ ብሄድ ከምከፍለው በጣም ያነሰ ነው። ምንም የሌለው በነፃ ይስተናገዳል። ደረሰኝ ተቆረጠልኝ። ደረሰኙ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ከፍዬ መግባቴ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቀና ብዬ እንድቀመጥ አድርጎኛል።

አማካሪዋ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሶፍት። የግድግዳው ሰዓት ከእኔ ጀርባ ነው የተሰቀለው። ለእሷ ይታያል፣ ለእኔ አይታይም። ሃምሳ ደቂቃውን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ እኔ ሰዓት ሳልቆጥር እንድናገር ነው። ይህቺን ነገር ሳስተውል ሦስተኛ ቀጠሮዬ ላይ ነበርኩ።

ምክር ይሰጡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ምክር አልሰጠችኝም። «ሌሊት ሲነቁ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። በስምንት ወር ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሲወጣ ስልክ እያወራሁ ነበር። «ሄድኩ» ሲለኝ በእጄ ብቻ ነው የሸኘሁት። ፊቱን አላየሁትም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስነግራት «አይዞሽ» አላለችኝም። «ጥፋት የለብዎትም» ብላም ቶሎ አልዘጋችውም። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ «እስቲ ያንን እጅዎን ያሳዩኝ፤ እንዴት ነበር የሸኙት?» አለችኝ። እጄን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔና የእሷ ነው።

ሥራም ትሰጠኛለች። ሌሊት ስነቃ አልጋ ላይ እየተገላበጥኩ እንዳልቆይ፣ ተነስቼ ሌላ ክፍል እንድቀመጥ፣ እንቅልፌ ሲመጣ ብቻ እንድመለስ። የሚመላለስብኝን ሐሳብ ጽፌ እንዳመጣ። ድሮ ደስ ይለኝ ከነበረው ነገር በቀን አንድ ትንሽ ነገር፣ ደስ ባይለኝም፣ እንድሠራ። ወሬ ነው ያሉት ጸሐፊ ይህንን ቢያዩ ደስ ባለኝ። ወሬ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ያለው፣ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ተኛሁ። ሥራ ስገባ የመጀመሪያውን ዓምድ ደመርኩ፣ ደግሜ ደመርኩ፤ አንድ ዓይነት ድምር ወጣልኝ።

በሰባተኛው ቀጠሮ ላይ አማካሪዋ ፊቷ ልክ አልነበረም። ደመወዟን የሚከፍለው ፕሮጀክት በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። የአንድ ዓመት ድጋፍ ነበር፣ አልታደሰም። ከእኔ የበለጠ የከፋት እሷ ነች። ሌላ አማካሪ እንደሚመደብልኝ፣ ተራ መጠበቅ ግን እንደሚኖርብኝ አስረዳችኝ።

ተራው ሲደርሰኝ ሄድኩ። አዲሱ አማካሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ዛሬም እዚያው ይሠራል፣ አከብረዋለሁ። ወንበሩን አሳየኝና «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለኝ። ሌላ ምን ይበል? የእሱ ጥፋት አይደለም። እኔ ግን ጠዋቱን፣ ስልኩን፣ እጄን እንደገና ከመጀመሪያው ማውጣት አቃተኝ። ስለ ሥራዬ ጥቂት አወራሁና ወጣሁ። ከዚያ አራት ወር ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ መጣ።

እንደገና የሄድኩት እህቴ እጄን ይዛ ወስዳኝ ነው። ሁለተኛውን ጊዜም ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ዳንኩ ማለት ይከብደኛል፤ ደህና ሆንኩ። ቀጠሮዬ ሲያልቅ በምን ልክፈላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። «ሒሳብ ያውቃሉ አይደል?» አሉኝ። እነሆ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የማዕከሉን መዝገብ በነፃ እይዛለሁ። የተገልጋይ ስም አላይም። የማየው ቁጥሮችን ነው። እኔም አንዱ ቁጥር ነበርኩ።

ይህንን ደብዳቤ ያጻፈኝ እንግዲህ እዚያ መዝገብ ላይ የማየው ነገር ነው። ለዕቃ የሚሰጥ አይጠፋም። ኮምፒውተር የሰጡን አሉ፣ ግድግዳ ያስቀቡልን አሉ፣ መደርደሪያ ያሠሩልን አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለወንበር የሚሰጥ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሚሰማው ባለሙያ ደመወዝ የሚሰጥ ነው። ደመወዝ ፎቶ አይነሳም። ሪባን አይቆረጥለትም። ከወጪያችን ትልቁ ግን እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በታች ነው። ሱፐርቪዥን የሚባልም አለ፤ አማካሪዎቹ የሰሙትን ሸክም ይዘው ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የሚቀመጡበት፣ ስህተታቸውን የሚያርሙበት ሰዓት ነው። ለጋሾች መጀመሪያ «ይቀነስ» የሚሉት እሱን ነው። እባካችሁ እሱን አትንኩት። እኔን ያ ሁሉ ዝምታ ያዳመጠችኝ ልጅ ዝምታውን የተማረችው እዚያ ነው።

ገቢው ደግሞ እንደ ዝናብ ነው። አንድ ወር ይወርዳል፣ ከዚያ ወራት ይደርቃል። በደረቀው ወር ባለሙያ ይለቃል። ባለሙያ ሲለቅ የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው የነገረው ታሪክ አብሮት ይሄዳል። የልብ መድኃኒት ዛሬ ከአንዱ ፋርማሲ፣ ነገ ከሌላው ቢገዛ ያው መድኃኒት ነው። እዚህ ግን መድኃኒቱ ያው ሰው ራሱ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንለው ለዚህ ይመስለኛል።

ቁጥር ሥራዬ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥሮችም አገላብጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 970 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር ነበር፤ ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። መንግሥታት ለጤና ከሚመድቡት በጀት ለአእምሮ ጤና የሚደርሰው በአማካይ 2 በመቶ ገደማ ነው። በድብርትና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ። የእኔ ሦስት ጊዜ የተደመሩ ዓምዶች እዚያ ውስጥ አሉ። ለእነዚህ ሕመሞች ሕክምና የወጣ 1 ዶላር በጤናና በሥራ 4 ዶላር ሆኖ እንደሚመለስም ድርጅቱ አስልቷል። በሠላሳ ዓመት የሒሳብ ሥራዬ ይህን ያህል የሚመልስ ወጪ ብዙ አላየሁም።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ የሰውን ልብ ለመስማት የግድ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በሐራሬዋ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ። በአገሬው ሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ» እንል የለ? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ ከስድስት ወር በኋላ አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት ከሌሎቹ በጣም ተሽሏቸው እንደተገኙ አሳይቷል። ግን ልብ በሉ፤ አያቶቹ ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። ሠልጥነዋል። ከበላያቸው የሚከታተል ባለሙያ አለ። የሚከብደውን ሰው ወደ ሐኪም ይልካሉ። አግዳሚ ወንበሩም ቢሆን ከኋላው በየወሩ የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል።

መድኃኒትን አልቃወምም። መድኃኒት የሚያስፈልገው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት ያለበት ሰው አለ። ማዕከሉም እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ «እኛ ጋ ይበቃዎታል» አይልም፤ ሐኪም ጋ ይልካል። የሁለቱ ሥራ ይደጋገፋል እንጂ አይጋፋም።

ማዕከሉ ጉድለት የለውም አልልም። ተራው ረጅም ነው። ሳምንታት የሚጠብቅ ሰው አለ፣ በዚያ መሀል ልቡ የሚመለስበት አለ። ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንክፈት የሚል ሐሳብ በተነሳ ጊዜ እኔ ተቃውሜያለሁ። ያሉትን አማካሪዎች በወንበራቸው ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ማቆየት እንቻል መጀመሪያ። አንዳንዶቹ በዚህ አልተስማሙኝም፤ መከራከራችን ደግ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህንን ነው። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ማዕከል ካለ፣ በዓመት አንዴ በብዙ ከመስጠት በየወሩ በጥቂቱ ስጡ። ምን ያህል እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጥቂት ናት ብላችሁ አትፈሩ። በየወሩ እንደምትመጣ የታወቀች ጥቂት ገንዘብ የአንድ ሰው ቅጥር ውል ታስፈርማለች። አንድ ጊዜ የመጣ ትልቅ ገንዘብ አያስፈርምም፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ልምድ ያላችሁ ባለሙያዎች በወር ሁለት ሰዓት ለሱፐርቪዥን ስጡ። አሠሪዎች፣ ሠራተኛችሁ ሲሳሳት ዕረፍት ብቻ አትስጡት፤ የሚሄድበትን አድራሻም ስጡት። ቀጠሮ ይዛችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ደግሞ እባካችሁ ደውሉ። ያቺን ሃምሳ ደቂቃ ቦርሳው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚዞር ሌላ ሰው ይጠብቃታል።

ጸሐፊውንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ቢፈቅዱ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው መዝገቡን አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። ስም የለበትም፤ የማንም ምስጢር አይወጣም። የየወሩን ገቢና ወጪ፣ ባለሙያ የለቀቀበትን ወር፣ በዚያ ወር የተቋረጡትን ቀጠሮዎች ጎን ለጎን አሳይዎታለሁ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነኝ። አዲሱ አማካሪ፣ አሁን እንኳ አዲስ አይደለም፣ ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ ባለው ክፍል ነው የሚሠራው። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አይሰማም። ሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ እኔ ቀና ብዬ አላይም፤ ደረሰኙን በቁጥር ቆርጬ እሰጣለሁ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)